የሃምሳ አለቃው ግራ እጅ

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከሾላ ገበያ ምስርና ነጭ ሽንኩርት ሸምቼ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ነበር። ከፊቴ አራት ሰው አለፍ ብሎ ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ክራቫት ያሰሩ፣ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ሌላው ሰው ሁሉ ትከሻውን ጥሎ ሲጠብቅ የእሳቸው ጀርባ ብቻ ቀጥ ብሏል። ዞር ሲሉ ጎረቤቴ ሃምሳ አለቃ በላይነህ ሆነው ተገኙ።

«ሃምሳ አለቃ፣ በማክሰኞ የሚዳረው ማነው?» አልኳቸው።

«ሠርግ አይደለም፣ መምህር። ከጡረታ ቢሮ ነው የምመጣው» አሉና በቀኝ እጃቸው የያዙትን ቡናማ ፖስታ ከፍ አደረጉልኝ። «መልሰውታል።»

እኔ በየካ አንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ሰፈሩ ማመልከቻ ሲያስፈልገው የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ሃምሳ አለቃ ደግሞ እንጦጦ ጥግ ከገብስ ገበሬ ቤት ተወልደው፣ ወታደር ሆነው፣ በ1991 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር የመድፍ ፍንጣሪ ግራ ትከሻቸውን መትቷቸው የተመለሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የመጋዘን ጠባቂ ሆነው ሠርተዋል። ስለ ጉዳታቸው ለማንም አመልክተው አያውቁም ነበር። «እግሩን ያጣ እያለ እኔ በአንድ ትከሻ ወረፋ ልያዝ?» ይላሉ። ዘንድሮ ግን ትከሻቸው እንቅልፍ ስለከለከላቸው፣ በባለቤታቸው በወይዘሮ ሥርጉት ጉትጎታ ለጉዳት ጡረታና ለሕክምና መብት አመለከቱ። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንዲያውም ኮርቼበት ነበር።

ሰልፉ አልንቀሳቀስ ስላለ በእግራችን ወደ ቀበና ለመውረድ ተስማማን። መንገድ ላይ የሆነውን ነገሩኝ። የቢሮው ጸሐፊ ደብዳቤውን በመስኮት ሰጥታቸው፣ የሕክምና ማስረጃው በቂ ስላልሆነ እንደገና ይመርመሩ ተብሏል አለቻቸው። በሦስት ወር ውስጥ የተሟላ ምርመራ ካልቀረበ ፋይሉ ይዘጋል። እሳቸው ግን ሌላ ምርመራ አልሄድም ብለዋል። ሐኪም ያየውን ሰው እንደገና ሐኪም ይየው ማለት፣ ውሸታም ነህ ማለት እንጂ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም ባይ ናቸው። «ይዝጉት» አሉኝ። «ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ፋይል ኖሬያለሁ።»

እኔም ተናደድኩላቸው። ለበላይ ኃላፊ ጠንከር ያለ ቅሬታ እንደምጽፍ ቃል ገባሁና፣ ደብዳቤውን ፎቶ ኮፒ ለማድረግ ቀበና ድልድይ አጠገብ ወዳለው ወደ ጠሀ ሱቅ ጎራ አልን።

ጠሀ አልነበረም። ልጁ ኢልሃም ናት የተቀመጠችው። ኢልሃም በአንድ ሆስፒታል የአካል ማገገሚያ ሕክምና ባለሙያ ናት፤ ሰፈሩ በአጭሩ «ፊዚዮዋ» ይላታል። በዕረፍት ቀኗ አባቷን ታሳርፋለች። ለሃምሳ አለቃ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ መቀመጫ ሠራችላቸውና ወረቀቱን አንድ በአንድ ማሽኑ ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። አነበበችው። ከዚያ የቀደሙትንም መልሳ አነበበች።

«ጋሼ፣ ባስቀይምዎት ይቅር ይሉኛል?»

«አንቺ ደግሞ ምን ልትዪ ነው?»

«ቢሮው ልክ ነው።»

ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ ዞረው ይቺ ልጅ ደመወዟን ከየት ነው የምታገኘው ብለው ጠየቁኝ። ኢልሃም ሳቀች እንጂ አላፈገፈገችም። የሐኪሙን ወረቀት አንስታ አነበበችልን። አራት መስመር ናት። ታማሚው ደህና መሆናቸውን ይናገራሉ። አቋማቸው ቀጥ ያለ ነው። ግራ ትከሻ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ። ሌላው ኖርማል።

«እኔ ብሆንም እመልሰው ነበር» አለች። «በዚህ ወረቀት የጉዳት ጡረታ የሚወስን ሰው ቢኖር እሱ ነው መጠየቅ ያለበት። ሐኪሙ ሸሚዝዎን አስወልቆ አይቶዎታል?»

«አውልቅ አላለኝም።»

«እርስዎስ ላውልቅ አላሉትም?»

ሃምሳ አለቃ ክራቫታቸውን ነካ አደረጉ። ከዚያ እሷ ሌላ ሌላውን ጠየቀች፤ እሳቸውም እየቆጠቡ መለሱ። ወደ ምርመራው ሲሄዱ ይህንኑ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጸጉር ቤት ገብተው ተላጭተው፣ ትከሻቸው እንዳያስቸግራቸው ሁለት ክኒን ውጠው ነበር። ሐኪሙ እንዴት ነዎት ሲላቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብለዋል። ያምዎታል ወይ ሲላቸው፣ ተመስገን፣ ምንም አይል ብለዋል።

«እንግዲህ ሐኪሙ የነገሩትን ጻፈ» አለች ኢልሃም። «ለመጽናናት የሚባለውን ነገሩት፤ እሱ ደግሞ እንደ መረጃ ወሰደው።»

«ሐኪም ፊት ተጎሳቁሎ ቀርቦ ማቃሰት ልመና ነው። እኔ ለማኝ አይደለሁም።»

ኢልሃም ጥቂት አሰበች። ከማመልከቻዬ ግልባጭ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች፦ «‹በፈጣሪ ቸርነት ጤንነቴ ተጠብቆ፣ እንደ ብረት በጸና መንፈስ አገሬን ሳገለግል ቆይቻለሁ።› ይሄን ደግሞ ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። በሕይወቴ ዓረፍተ ነገሬ እንዲህ ያሳፈረኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

«ጋሼ መምህር፣ በጣም ያምራል። ግን ይሄን ያነበበ ሰው እንኳን አበል ሊሰጣቸው ሥራ ይቀጥራቸዋል።»

ሃምሳ አለቃ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። እሷም ያቺን ፈገግታ ሳታሳልፍ፣ በጦር ሜዳ ቃኚ እንደነበሩ መስማቷን አነሳችና እንዲህ አለቻቸው፦ «ቃኝተው ሲመለሱ፣ አዛዥዎ እንዳይጨነቅ ብለው የጠላትን ቁጥር ቀንሰው ይነግሩት ነበር?»

«ሰው አስጨርሼ?»

«ታዲያ ሐኪሙም ካልነገሩት የት ያውቃል? እሱ እዚያ ሸለቆ ውስጥ አልወረደም። የወረዱት እርስዎ ነዎት።»

ይህ አነጋገር እንደነካቸው አየሁ። ነገር ግን አልተሸነፉም። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጄ፣ አንቺ የምትይው ለተማረ ሰው ጥሩ ነው። የጠላትን ብዛት መናገር ግዳጅ ነው። ሕመምን መናገር ግን ሌላ ነው። ከበበ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ያ ፍንጣሪ ሲመጣ ከእኔ በስተግራ ነው የተኛው፤ የደረሰኝ ከእሱ የተረፈው ነው። እኔ ቆሜ፣ በልቼ፣ ልጅ ድሬ፣ አመመኝ ስል የሚሰማኝ እሱ ይመስለኛል። ምን ይለኛል? ሰማንያ ዓመት ቢያኖረኝ እንኳ ተመስገን ከማለት ሌላ ቃል...»

«ጋሼ» አለች ኢልሃም በቀስታ። «እጅዎ።»

የሱቁ የመስታወት ባንኮኒ ጠርዝ ተሰንጥቆ በፕላስተር የታሰረ ነው። ሃምሳ አለቃ ሲናገሩ ግራ እጃቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ኖሯል። ፕላስተሩ በለቀቀበት በኩል መስታወቱ መዳፋቸውን ቆርጦ ደሙ በቢሮው ደብዳቤ ላይ ይንጠባጠባል። እሳቸው አላወቁም። ዝቅ ብለው ሲያዩትም አልደነገጡም፤ ይልቁንም እንደ ተያዘ ሰው እጃቸውን ፈጥነው ወደ ኪሳቸው ሊከቱ ሞከሩ። ኢልሃም ግን ባንኮኒውን ዞራ መጥታ ያዘችው። አጠበችው፣ አሰረችው። ስታስር ትንሿን ጣታቸውን ጠበቅ አድርጋ ስትጨምቅ አየሁ፤ ፊታቸውን እየተመለከተች ነበር። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ» አሉ። ከዚያ ተነሱ፣ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ፣ በሩ ላይ ቆመው ለሁለታችንም አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «ለሥርጉት እንዳትነግሯት።»

ያን ሳምንት ቅሬታውን አልጻፍኩም። ወረቀት አውጥቼ ተቀምጫለሁ፤ ግን ብዕሬ አልሄድ አለኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለስንት ሰው ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ የስንቱን በደል በጌጥ ሸፍኜበት ይሆን? እኛ ሰዎች ሰላምታችን ረጅም ነው፤ ልጅ ሞቶብን እንኳ እንዴት ነህ ለሚለን ተመስገን እንላለን። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ ሰውን በደጅ ላይ በሐዘን አንቀበልም። ነገር ግን ልማዱ ከደጅ አልፎ ሐኪም ክፍል ሲገባ፣ የሚያድነው ሰው ፊት በራችንን እንዘጋለን። ይህን ከአንዲት የባለ ሱቅ ልጅ መማሬ አላሳዘነኝም፤ ያሳዘነኝ ዘግይቼ መማሬ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው ሄድኩ። ግቢያቸው ከወንዙ ከፍ ብሎ ነው፤ ከደጁ ላይ የእንጦጦ ተራራ ከነባሕር ዛፉ ሙሉ ለሙሉ ይታያል። ወይዘሮ ሥርጉትም የዚያው ተራራ ልጅ ናቸው፤ የሁለቱ አባቶች ማሳ ድንበርተኛ ነበር። ባልየው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሚስትየዋ ምስር ይለቅማሉ። ገና ከመቀመጤ ወይዘሮ ሥርጉት ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ።

«መምህር፣ እርስዎ አይዋሹኝም። ይህ እጅ ምን ሆኖ ነው? በር ቆረጠኝ ይለኛል። ባለፈው ዓመት ምድጃ አቃጠለኝ አለ። ከዚያ በፊት ሚስማር ነበር። አንድ ሰው በአንድ እጁ ብቻ እንዴት እንዲህ ዕድለ ቢስ ይሆናል?»

ወደ ሃምሳ አለቃ አየሁ። እሳቸው ወደ ተራራው ያያሉ። እኔ ልናገር ስል፣ ራሳቸው ጀመሩ። ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ። ከሜዳ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሲነቁ እጁ እንደ ሌላ ሰው እጅ ከጎናቸው ተኝቶ እንደነበር፤ በኋላ መንቀሳቀስ ቢጀምርም ስሜቱ እንዳልተመለሰ፤ እሳትና ውሃ፣ ድንጋይና ጨርቅ አንድ እንደሆኑበት፤ ሸሚዛቸውን ሁልጊዜ እንደተቆለፈ በአናታቸው በኩል የሚያጠልቁት ቁልፉን በጣታቸው ስለማያገኙት እንደሆነ፤ የልጃቸው የሐመልማል ልጅ ክርስትና ስትነሳ አልይዛትም ያሉት እንዳትወድቅባቸው ፈርተው እንደነበር። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ወታደር አንድም ቃል አላረዘሙም።

ወይዘሮ ሥርጉት ሰፌዱን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

«ሐመልማል እስከ ዛሬ በዚያ ቂም ይዛለች» አሉ። «ባሏን ስለጠላህ መስሏታል።» ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ፤ ግን የሚናገሩት ለባላቸው ነበር። «ከጦርነቱ በፊት በክረምት ከተራራው ስንወርድ፣ መሬቱ ያንሸራትታል፣ እጄን ይዞ ነበር የሚያወርደኝ። ሰው ያያል ብለው እንኳ አይለቅም። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ታይፈስ ይዞኝ ልሞት የደረስኩ ጊዜ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ እጁን ጨበጥኩት። አልመለሰልኝም። እንደ እንጨት። ያኔ ነው ተስፋ የቆረጥኩት። አንድ ሰሞን እንዲያውም ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ጠርጥሬው ነበር፤ ኋላ ይህን ኩርፊያ ማን ይችላል ብዬ ተውኩት።»

«የጨበጥሽኝን አላወቅኩም» አሉ ሃምሳ አለቃ። «አንቺን አንቺን እያየሁ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊልኝ ነበር? ሐኪም አይደለሽ።»

«በቀኝህ እቀመጥ ነበር» አሉ ወይዘሮ ሥርጉት።

እኔ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ አስተምሬያለሁም። እንደዚህች መልስ የሰውን ምሽግ ያፈረሰ ግን አላየሁም። ሃያ አምስት ዓመት ሰው እንዳላስቸግር ብለው የደበቁት ነገር፣ አጠገባቸው ያለችውን ሴት ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በተሳሳተ ጎን አስቀምጧት ኖሯል። ሃምሳ አለቃ ከተራራው ወደ እኔ ዞረው ጠየቁኝ፦

«መምህር፣ ከሦስቱ ወር ስንት ቀረን?»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የኢልሃም ነበር። ቀጠሮውን የነርቭ ሐኪም ዘንድ እንዲሆን አስደረገች። ሙሉ ልብሱ እቤት ይቅር፣ የሚውጡትን ክኒን ሁሉ ከነብዛቱ ይንገሩ፣ ደህና የሆኑበትን ሳይሆን የከፋውን ቀን ያስረዱ፣ ባለቤትዎም አብረው ይግቡ አለቻቸው። ከሜዳ ሆስፒታል የተሰጣቸውን የመሰናበቻ ወረቀትም ከሳጥን አስፈልጋ አስወጣች። ማመልከቻውን እንደገና የጻፍኩት ወይዘሮ ሥርጉት እየነገሩኝ ነው። «እንደ ብረት በጸና መንፈስ» የምትለዋን ስሰርዝ፣ አልዋሽም፣ ትንሽ አመመኝ። በምትኩ «የሸሚዜን ቁልፍ በጣቴ ማግኘት አልችልም» ብዬ ጻፍኩ። ሃምሳ አለቃ ሲያነቡት ጆሯቸው ቀላ፤ ግን ፈረሙ።

ምርመራው ኅዳር አጋማሽ ላይ ሆነ። ወረቀት ያዥ ተብዬ እኔም ገባሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እንዴት ነዎት አባቴ ሲላቸው ሃምሳ አለቃ እንደ ልማዳቸው ተመስገን ብለው አቆሙ። ወይዘሮ ሥርጉት በክርናቸው ነካ አደረጓቸው፤ በቀኝ በኩል ነበር የተቀመጡት።

«እሱ ሰላምታ ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ ለሐኪሙ። «አሁን ደግሞ ያለውን ልንገርዎት።»

ነገሩትም። ሐኪሙ አላቋረጣቸውም። ሸሚዝዎን ያውልቁ ሲላቸው በአናታቸው በኩል ሲጎትቱት አይቶ፣ ቁልፉን ዓይንዎን ጨፍነው ይሞክሩት አላቸው። አልቻሉም። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ በጥጥና በመርፌ ጫፍ ክንዳቸውን ከጣት ጀምሮ ወደ ላይ እየነካ ጠየቃቸው። ክርናቸው ላይ ሊደርስ አራት ጣት ሲቀረው፣ አሁን ተሰማኝ አሉ። ሐኪሙ እዚያ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ክንዱን ዙሪያውን አሰመረ። ሁሉ ነገር ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ስሜቱ ይመለሳል ብሎ አልዋሻቸውም። ትከሻው ግን በእንቅስቃሴ ሕክምና እንደሚላቀቅ፣ ሕመሙ በተገቢ መድኃኒት እንደሚቀል፣ እጁንም ከእሳትና ከስለት የሚጠብቁበትን ዘዴ መማር እንዳለባቸው አስረዳቸው።

ፋይሉ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ገባ። ውሳኔው ገና አልመጣም፤ ሲመጣም ምን እንደሚሆን አላውቅም። ይሁን እንጂ መልካሙ ምርመራ ውሳኔውን ሳይጠብቅ ያመጣውን ጥቅም መናገር ተገቢ ነው። ሃምሳ አለቃ በሳምንት ሁለት ቀን ሕክምና ይሄዳሉ፤ የሌሊቱን ግማሽ ይተኛሉ። ሐመልማል ነገሩን ሰምታ ሕፃኗን ይዛ መጥታ አልቅሳ ሄዳለች። እኔም አሁን ለማመልከቻ የሚመጣብኝን ሰው በመጀመሪያ የምጠይቀው ምን መሥራት እንዳቃተው ነው፤ ምስጋናውን ለቤተ ክርስቲያን እንዲያደርገው እነግረዋለሁ። ደግሞም የተመለሰ ፋይል ሁሉ ስድብ እንዳልሆነ ተምሬያለሁ። አንዳንዴ በደንብ ልየህ ማለት ነው።

ባለፈው እሑድ ኢልሃም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተረጎመችውን የሐኪሙን ሪፖርት ይዤ ሄድኩ። ሦስት ገጽ ነው። ደጃቸው ላይ ተቀምጠን አነበብኩላቸው። ስሜት ከክርን በታች እንደሚቆም፣ ይህም ከ1991ዱ የፍንጣሪ ጉዳት ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚናገረው ላይ ስደርስ፣ ሃምሳ አለቃ ያቺን ደግመው ያንብቡልኝ አሉ። ደገምኩ። ሦስተኛ ጊዜም አስነበቡኝ።

ወይዘሮ ሥርጉት ተነስተው በባላቸው ቀኝ የነበረውን ዱካ ወደ ግራ አዞሩትና ተቀመጡ። የባላቸውን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰቡ። ሰማያዊው መስመር ታጥቦ ጠፍቷል።

«ብዕርዎን ያውሱኝ፣ መምህር» አሉ። ሰጠኋቸው። «የት ላይ ነበር?»

ሃምሳ አለቃ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወይዘሮ ሥርጉት ጣታቸውን ከባላቸው የእጅ አንጓ ላይ አስነስተው ቀስ እያሉ ወደ ላይ ወሰዱት፤ ትንሽ ይሄዱና ይቆማሉ።

«እዚህ?»

መልስ የለም።

«እዚህስ?»

መልስ የለም። ጣታቸው ትንሽ ከፍ አለ።

«እዚህ» አሉ ሃምሳ አለቃ።

ብዕሬ ሳይከፈት በወይዘሮ ሥርጉት ጉልበት ላይ ቀረ። ጣታቸውን ግን ከዚያ አላነሱም፤ ሌሎቹንም ጣቶች አንድ በአንድ አጠገቡ አሳረፉ። እኔም ሪፖርቱን አጥፌ ወደ ፖስታው መለስኩት።